ለፊደል የተተወ ቦታ

ልጄ ከቤት ወጥታ ከቀረች ከዓመታት በኋላ መልኳን ያየሁት በቀበሌው ሱቅ ደጃፍ፣ የስኳር ሰልፍ ላይ ነው። ከፊቴ የቆመች ወጣት ልብ ወለድ ታነባለች። ሽፋኑ ላይ የተሳለችው ሴት ዓይኗም፣ አፏም፣ አገጯም የልጄ ነው። ከቅንድቧ በላይ ያለውን ግን የመጽሐፉ ስም በትልልቅ ቀይ ፊደል ሸፍኖታል።

«እስቲ አሳይኝ፣ የኔ ልጅ» አልኳት።

«እማማ፣ የፍቅር ነው እኮ! ይቆጡኛል» ብላ ሳቀች። ምክንያቱን ስነግራት መጽሐፉን እጄ ላይ አኖረችው፤ መልሳም አልወሰደችው። እግዜር ይስጣት።

ቤት ውስጥ አንድም ፎቶግራፍ አልነበረኝም። ፍተሻ በበዛበት ሰሞን ከጓደኞቿ ጋር የተነሳቻቸው ሁሉ እሳት ገብተዋል። በጸሎት ስሟን ስጠራ ፊቷ እየጎደለ ይመጣብኝ ጀመር። ስለዚህ ፊደል ያልተጫነበትን ዋናውን ሥዕል ልፈልግ ተነሣሁ።

ጉልበቴን እያመመኝ በአውቶቡስ ማተሚያ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ሥዕሉ ለሰዓሊው ተመልሷል አሉኝ። የሰዓሊውን ስም የሚያስታውስ አልተገኘም፤ ሽፋኑም ላይ ፊርማ የለም።

«ሰውየውስ ትዝ ይለኛል» አለ እጁ በቀለም የጠቆረ ሠራተኛ። «ግትር ነው! ያንን ከኋላዋ የቆመውን ወንበዴ ባንድ ዓይን አስቀረው። ሌላውን ጨምርለት ብንለው ‹ለእሱ አንድ ይበቃዋል› ብሎን ሄደ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ሽፋኑን ደግሜ አየሁት። እውነትም ወንበዴው በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሳን ፊት ለፊት በሁለት ዓይናቸው፣ ሰይጣንና ከሓዲ በጎን ባንድ ዓይን ነው የሚሳሉት። እንግዲህ ይህ ሰው ሥዕል የተማረው ቤተ ክርስቲያን ነው አልኩ።

ለመድኃኔ ዓለም በዓል፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ የሚያውቅ አይጠፋም ብዬ ቀጨኔ ወጣሁ። ከቅዳሴ በኋላ አባቶችን ስጠይቅ፣ ለመጽሐፍም የሚስሉ አንድ አለቃ ቁልቁለቱ ላይ እንዳሉ ነገሩኝ። ቤታቸው ገብቼ መጽሐፉን አሳየኋቸው።

«አለቃ፣ ይህችን ልጅ የት አገኟት?»

«በደጄ እያለፈች ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር። ‹እስቲ ቁሚልኝ› ብላት ‹እንዳያጠቁሩኝ ብቻ!› አለችኝ። ስትስቅ፣ ስታስቀኝ ዋለች። መጽሐፉ ሳንሱር ቤት ስንት ዘመን ቆይቶ ወጣ። ደኅና ናት?»

«ልጄ አርፋለች።»

አማተቡ። ከአልጋቸው ሥር የተጠቀለለ አቡጀዴ አውጥተው ዘረጉልኝ። ዓይኗ አለ፣ አፏ አለ። ከቅንድቧ በላይ ባዶ ጨርቅ ነው።

«ለፊደሉ ቦታ ተው አሉኝ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ቀለምም እንደ ልብ አይገኝ። ለሚሸፈን ነገር አላባክን ብዬ ነው።»

ያን ሁሉ የተንከራተትኩት ለዚህ ነበር። መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

«እናት አይደሉ? ይንገሩኝና ልሙላው። ግንባሯ እንዴት ነበር?»

በእጄ የዳበስኩትን፣ የሳምኩትን ግንባር መናገር አቃተኝ። ፊቴን ልጠርግ ነጠላዬን ከግንባሬ ወደ ኋላ ስገፋ አለቃ ትክ ብለው አዩኝ።

«አይመልሱት» አሉ። «እንዲያው እንዳሉ ወደ በሩ ዞር ይበሉልኝ።»

ቀለም በጥብጠው ፊቴን እያዩ ይስሉ ጀመር። መልኬን ሰው እንዲያ ልብ ብሎ ካየኝ ብዙ ጊዜዬ ነው፤ ድካም ይሁን ሌላ፣ ዓይኔ ተከደነ። ሲጨርሱ ቀሰቀሱኝ።

የእሷ ግንባር እንዲያ ይሁን አይሁን ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። እሳቸው ግን «እናትና ልጅ አንድ ናችሁ» አሉኝ፤ አምኜ ተቀበልኩ። አሁን ስሟን ስጠራ የሚመጣልኝ ሙሉ ፊት ነው። ተመስገን።