ወጌሻ ጋ ልወስደው የሄድኩት ጉልበት

ከቡታጅራ የተነሳሁት ወንድሜን ሙኒርን ላመጣው ነው። ሙኒር አዲስ አበባ፣ አብነት ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። ቀኝ ጉልበቱ አብጦ መራመድ አቅቶታል ሲባል እናታችን "ወለምታ ነው፣ አምጣልኝ" ብላ የሰፈራችንን ወጌሻ ቀጠረች። ወጌሻው እኔንም ከኳስ ሜዳ መልስ ስንቴ አሽቶ አቁሞኛልና ሐሳቧን አልተቃወምኩም።

ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራተኛ ካልጠቀጠቅኩ ብሎ ተጨቃጨቅን። ኬላ ላይ የተቀቀለ በቆሎ በመስኮት ገዝቼ እየጋጥኩ፣ ሙኒር ከልጅነቱ ጀምሮ ትንሽ ሲነካው ሰፈር እንደሚያምስ እያስታወስኩ ብቻዬን ሳቅኩ። ጀሞ ወርጄ ታክሲ ቀያይሬ ልደታ ደረስኩ። ፍርድ ቤቱ አካባቢ መንገዱን በሞሉት ባለጉዳዮች መሀል ተሹለክልኬ ወደ አብነት በእግሬ አቀናሁ።

አብነት

ሙኒር ከስፌት መኪናው አጠገብ ፍራሽ ላይ ተጋድሟል። ብርድ ልብሱን ስገልጠው ክው አልኩ። ጉልበቱ ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ እጄን ገና ሳስጠጋው ሙቀቱ ይሰማኛል።

"ኧረ አትንካኝ ነስሩ!" ብሎ ጮኸ።

ሚስቱ ሰሚራ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። "በቅባት ሳሸው ነው የባሰበት። ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ አደረ። ሐኪም ሳያየው የትም አይሄድም።"

"እማዬ ወጌሻውን ቀጥራ እየጠበቀች እኮ ነው።"

"ይጠብቁ! ምን ወለምታ አለ? የት ወድቆ? ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚሰፋ ሰው!"

ደውዬ የሰሚራን እምቢታ ተናገርኩ። እናቴ በስልክ ስትሰማ "የከተማ ልጅ! ለሁሉም ነገር መርፌ" ብላ ዘጋችብኝ። እኔና ሰሚራ ደግፈነው ወጣን።

ሆስፒታል

ሐኪሟ ጉልበቱ ውስጥ መርፌ አስገብታ ስትስብ ሲሪንጁ በመግል ተሞላ። ይህንን ነው ላሳሸው የመጣሁት?

"ባክቴሪያ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቷል" አለች። "መድኃኒት እንጀምራለን፤ ዛሬውኑም ተከፍቶ ይታጠባል።"

"መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ከገደለው መክፈቱ ለምን አስፈለገ?"

"ሰውነታችን ጀርም ሲያገኝ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኞች ይለቃል። 'ድረሱ' ብለው ነጭ የደም ሴሎችን ይጠራሉ፤ እብጠቱም ትኩሳቱም የእነሱ ሥራ ነው። ሲበዙ ግን ጀርሙ ላይ ብቻ አይቆሙም። የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነውን ለስላሳ አጥንት የሚበላ ኢንዛይም እንዲለቀቅ ያደርጋሉ። ጀርሙ ከሞተ በኋላም ቶሎ አያቆሙም።"

"የገዛ ሰውነቱ ነው ጉልበቱን የሚበላው?"

"ጀርሙም ሰውነቱም። ስለዚህ አጥበን ሁለቱንም እንቀንሳለን። ማሸት ግን ጉዳቱን ያባብሰዋል።"

ሰሚራ እጆቿን ሻርፗ ውስጥ ደበቀች። ሙኒር ከአልጋው ቀና ብሎ "ዶክተር፣ የስፌት መኪናዬን ፔዳል እረግጣለሁ?" አለ። ሐኪሟ "መጀመሪያ እግርህን እናትርፍ" አለችው። እኔን ከመግሉ በላይ ያስደነገጠኝ ይህ ንግግሯ ነው።

ጉልበቱ ተከፍቶ ከታጠበ ከቀናት በኋላ ትኩሳቱ ወረደ፤ ምርመራውም ጀርሙ መጥፋቱን አሳየ። ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ። ሐኪሟ ግን ለስላሳው አጥንት በከፊል እንደተበላ፣ እግሩ ቢተርፍም ጉልበቱ እንደ ድሮው ላይታጠፍ እንደሚችል ነገረችን። ሙኒር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መልስ

ወደ ቡታጅራ ስመለስ የገዛሁትን በቆሎ ሳልቀምሰው ደረስኩ። እናቴ በር ላይ ነበረች፤ ለማሺያ ያዘጋጀችው ቅቤ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

"በስልክ ያልከኝ ጀርም ሞተ?"

"ሞተ።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?"

ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ነገርኳት። ሳይወድቅ ሳይመታ ያበጠ፣ የሚያተኩስ ጉልበት እንደማይታሽ፣ በቀጥታ ወደ ሐኪም እንደሚሮጥ እኔም የተማርኩት በወንድሜ እግር ነው። እናቴ እያዳመጠችኝ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"ብታመጣው ኖሮስ?"

"እግሩን፣ ምናልባትም እሱን ራሱን እናጣው ነበር።"

ስልኳን ከጉያዋ አወጣች። ለሙኒር የምትደውል መስሎኝ ነበር።

"ሰሚራ" አለች። "ልጄን ስለከለከልሽኝ አላህ ይስጥሽ።"