ከቁጥሩ ጎን የጻፍኩት ስም

ሲወስዱኝ ከነወረቀቴ ነው። ናዝሬት ባቡር ጣቢያ አጠገብ በተከራየኋት ክፍል፣ ጠዋት ሥራ ልገባ ሸሚዜን ስቆልፍ፣ ሦስት ወታደሮች ገቡና አልጋዬ ሥር ያለውን ካርቶን ጎተቱት። ያስገቡኝ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ መጋዘን ውስጥ ነበር። መስኮት የለውም። የበርበሬው ብናኝ ገና ከግድግዳው አልለቀቀም፤ ያን ሁሉ እስረኛ ሌት ተቀን ያስነጥሰዋል።

ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ትምህርቴ ነው። የባቡር ጥገና መሐንዲስ ነበርኩ፤ በዚያው ሙያ ሁለተኛ ዲግሪ በደብዳቤ እማር ነበር። ከባሕር ማዶ ጥያቄ በፖስታ ይመጣልኛል፣ ሠርቼ እመልሳለሁ። የመጨረሻው ጥያቄ እንዲህ ይል ነበር፦ ባቡሩ ቁልቁለት ላይ መቆም እንዲያቅተው የስንት ፉርጎ ፍሬን መበላሸት አለበት? እኔ ጅሉ ከናዝሬት ወደ አዋሽ የሚወርደውን መንገድ ምሳሌ አድርጌ አሳምሬ ሠራሁት። መልሱ ሰባት ነበር። በቀይ አሰመርኩበት።

መርማሪው ወረቀቱን አስተርጉሞ ነው የጠበቀኝ።

«ሰባት ፉርጎ! ጎበዝ። የወታደር ስንቅ ልትገለብጥ ነው?»

«ትምህርት ነው። እንዳይገለበጥ ነው የምንማረው።»

ወፌ ላላ ሰቀሉኝ። እጅና እግሬን አስረው፣ በጉልበቴ ሥር ዘንግ አሳልፈው፣ ዘቅዝቀው ውስጥ እግሬን በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፉኝ። አፌ ውስጥ የጠቀጠቁት ጨርቅ የሌላ ሰው ደም ደም ይል ነበር። ሲያወርዱኝ «ቁም!» አሉኝ። በምን እግሬ? አልቆምክም ብለው ጎኔን በርግጫ ሰበሩት።

ይህ የራሴ ነው፣ ቻልኩት። ያንገበገበኝ ሌላው ነው። በእኛ ወርክሾፕ ልኬት የወሰደ ሰው ከቁጥሩ ጎን ስሙ ይጻፋል፤ ደንብ ነው። ፍሬኖቹን የለኩልኝ አንድ አንጋፋ የፍሬን ሠራተኛ ነበሩ። እኔም እንደ ደንቡ ስማቸውን ጻፍኩ። ውጭ አገር ለሚላክ የትምህርት ወረቀት! ማን ጠየቀኝ? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

በሦስተኛው ቀን አመጧቸው። አንድ ዓይናቸው አብጦ ተዘግቷል። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ወደማይታጠፉበት ታጥፈዋል።

«ያ ኢልማ ኮ! ልጄን ምን አደረጉብኝ?» አሉ እኔን ሲያዩ። የራሳቸውን ረስተው።

«እሳቸው አያውቁም» አልኩ። «ቁጥሩን ከራሴ ነው ያመጣሁት።»

መርማሪው እንደሰለቸው ያስታውቅ ነበር። «ስማ ሽማግሌ፣ አንተን ምን አደርግሃለሁ? ቁጥሩ የኔ አይደለም፣ ስሜን በውሸት ጻፈብኝ በል። ፈርምና ቤትህ ግባ።»

«በሉ ጋሼ፣ በሞቴ!» አልኩ።

ደህናውን እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ቁጥሩ ያለበትን ወረቀት ተቀበሉ። ወደሚያየው ዓይናቸው አስጠጉት። ቀስ ብለው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«የለካሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ልክ ነው። ይሄ ልጅ አልዋሸም።»

በሰደፍ አፋቸውን አሏቸው። ጥርሳቸው ሲሚንቶው ላይ ተበተነ። ወድቀውም አልተዋቸውም፤ ሁለት ወታደሮች እስኪያልባቸው ረገጧቸው። እኔ እጮሃለሁ፣ ማን ሰምቶኝ! በእግራቸው እየጎተቱ አወጧቸው። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

እኔ ከዓመታት በኋላ ተፈታሁ፤ እሳቸው እዚያው ሞተው ቀሩ። ብዙ ጊዜ ተናድጄባቸዋለሁ፤ አዎ፣ በሟች ላይ። ምን ነበረበት «አይደለም» ቢሉ? አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ እሳቸው ቢክዱ ኖሮ ቁጥር ፈጥሮ ሲያሴር ተገኘ ተብዬ የምገደለው እኔ እንደነበርኩ አስባለሁ። ይህንንም አውቀው ይሆናል።

ባለቤታቸው አሁንም አዳማ ናቸው። በዓመት በዓል ልጠይቃቸው እሄዳለሁ። «መጨረሻ ላይ ምን አለ?» ይሉኛል። «አብረን አልነበርንም» እላቸዋለሁ። እጄን ይዘው ይመርቁኛል። ባልዎ «አይደለም» የምትል አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ማታውኑ ቤታቸው ይገቡ ነበር ብዬ በምን አፌ ልንገራቸው?