ፓስፖርቴ ሳይወጣ የተከተብኩት ክትባት

ዛሬ ረፋድ ላይ ለጉዞ የሚጠየቀውን የቢጫ ወባ ክትባት ቢጫ ካርዴን ተቀብዬ ሳየው፣ ከስምንት ዓመት በፊት ተከትበሃል ይላል። ክንዴ ግን ገና እያመመኝ ነው።

ነርሷ ቀኑን የጻፈችው በእኛ አቆጣጠር ነበር። ቁጥሩ ካርዱ ላይ የሰፈረው ፓስፖርቴ ደግሞ የወጣው ዓምና ነው። ካምፓላ ስደርስ ይህ ፎርጅድ ነው ቢሉኝ ጉዞዬ እዚያው ያበቃል።

ዕቃ ሳላገላብጥ ተረክቤ አላውቅምና፣ ከክትባት ክፍሉ መስኮት ሳልርቅ «እህቴ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁንልኝ» አልኳት።

«ውይ! የሕፃናት ካርድ ስሞላ አርፍጄ እጄ ለምዶት ነው።»

ከሰበታ በአንድ ሚኒባስ አብረን የመጣን ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ ሳቁብኝ። «ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የመለሰችህን ልጅ ታመሰግናለህ እንጂ ትከራከራለህ?»

እሳቸውም ካምፓላ የወለደች ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት። «የእርስዎንስ አይተውታል፣ ኦቦ?» አልኳቸው።

አጣጥፈው ኪሳቸው ከተውት ነበር። አውጥተው መነጽራቸውን አደረጉ። «ያ ዋቅ! እኔም እንዳንተው ነኝ!»

ነርሷ እየሳቀች ለሁለታችንም አዲስ ጽፋ ማኅተም መታችበት። ደስ ብሎን ተመለስን።

ቢጫ ካርድ ያላችሁ፣ አሁኑኑ አውጥታችሁ እዩት። እናንተስ የተከተባችሁት በየትኛው አቆጣጠር ነው?