መስመሩን የዘጋው እጅ

የሰፈሩ ሰው እትዬ ማዞሪያ ይላታል። ስሟማ ሌላ ነው፤ ግን እሷ ራሷ እንኳ በስሟ ስትጠራ ዘግይታ ነው አቤት የምትለው። ሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ ማዞሪያ ቤት ሠርታለች። ለዛሬ ሰው ተረት ይመስለዋል እንጂ ያኔ ሰው ስልክ አንስቶ የፈለገበት ራሱ አይደውልም ነበር። መነጋገሪያውን ሲያነሳ እሷ ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ ትንሽ መብራት ቦግ ትላለች። እሷም ገመዱን ቀዳዳው ላይ ሰክታ «ማንን ላገናኝ?» ትላለች። ካገናኘች በኋላ «ቀርበዋል፤ ይነጋገሩ» ብላ ከመስመሩ ትወጣለች።

ከመስመሩ ትወጣለች ሲባል የእውነት ነው። ጎረቤት ስንቴ ሊያውጣጣት ሞከረ! የእገሌና የእገሊት ነገር እንዴት ሆነ፣ ባለሱቁ ለማን ነበር እንደዚያ የሚለማመጠው፣ እየተባለ ስንት ሻይ ተጋብዛለች። ሻዩን ትጠጣለች፤ ወሬው ላይ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። «እኔ አገናኛለሁ እንጂ አልሰማም» ትላለች። መስመር ላይ ያለን ሰው አለመስማት፣ ደግሞም አለማቋረጥ፤ የሃይማኖት ያህል ነበር የያዘችው።

ያም ሆኖ በመዝገቧ ላይ አንድ ጥፋት ተጽፏል። እናታቸው ታማ በተኛችበት ሰሞን የሰባት ዓመት ልጅ የነበረች ታናሽ እህቷን የምታስቀምጥበት አጥታ ሥራ ቦታ ይዛት ሄደች። ልጅ ማምጣት ክልክል ስለነበር ከጠረጴዛው ሥር ደበቀቻት። ልጅቷ ጸጥ ብላ ተቀምጣ ተቀምጣ፣ ቀዩ ገመድ ዓይኗን ማርኮት ኖሮ፣ እጇን ሰድዳ ነቀለችው። ያ መስመር ላይ አንድ ትልቅ ሰው ከሌላ ትልቅ ሰው ጋር እያወራ ነበር። ኃላፊው በሩን በርግዶ ገብቶ «ማነው የነቀለው?» ሲል፣ ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ዓይኖች ወደ ላይ አዩዋት። «እኔ ነኝ፤ እጄ ስቶ ነው» አለች።

በዚያች አንድ መስመር ምክንያት የፈረቃ ኃላፊ ሳትሆን ጡረታ ወጣች። ተጸጽታ አታውቅም። እናታቸው ስትሞት ትንሿን ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ያስተማረቻት እሷ ናት፤ የዳረቻትም እሷው ናት። ትዳሩ ሲፈርስ እቃዋን ጭና ስትመለስ «ነግሬሽ ነበር» ሳትል ላይኛውን ፎቅ የለቀቀችላትም እሷ ናት። ራሷ ምድር ቤት ወረደች፤ ጉልበቴን ደረጃ ያመኛል ብላ። ጉልበቷን ያኔ አያማትም ነበር።

ቤቱ እናታቸው ለሦስቱም ልጆች የተወችው ነው፤ ለእሷ፣ ለትንሿ፣ ባህር ማዶ ላለው ወንድማቸው። ይኸው ወንድም ነው ትልቁን ቴሌቪዥን ከነካሜራው የላከላት። ዓይኗ እየደከመ ስለሄደ የስልክ ስክሪን ላይ ፊት መለየት አትችልም። ስልኳ ቁልፏ እንደ ባቄላ የተለቀ፣ ከመደወልና ከማንሳት በቀር ሌላ ጣጣ የማታውቅ ነች። ስለዚህ በወሩ የመጀመሪያ እሁድ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሦስቱ በየቴሌቪዥናቸው ይገናኛሉ። እሷ ከምድር ቤት፣ ትንሿ ከፎቅ፣ ወንድማቸው ከዚያ ማዶ። ወንድሟ ግድግዳውን ሞልቶ ሲስቅ ስታይ ወሩን ሙሉ ትጠግባለች።

የዚህ ወር እሁድ ግን የሳቅ አልነበረም። ቤቱ ይሸጥ የሚል ሐሳብ ተነስቷል፤ ያነሳችው ትንሿ ናት። ረቡዕ ዕለት ከፎቅ ወርዳ፣ ሻይዋን ይዛ፣ እግሯን ሶፋው ላይ ሰቅላ ተቀመጠች።

«እታለም፣ እሁድ ምን ልትይ ነው?»

«አንዲት ቃል ናት ያለችኝ» አለች እትዬ ማዞሪያ። «አልወጣም። የእናቴ ቤት ነው፤ እዚሁ እሞታለሁ። ወንድሜ ይህን ከአፌ ከሰማ አያስወጣኝም።»

«እሱማ አንቺ ያልሽውን መች ይጥላል!» አለች ትንሿ። ሻይዋን ጨርሳ፣ ጉንጯን ስማት ወጣች።

በማግስቱ ሐሙስ ከረፋዱ ጀምሮ ቴሌቪዥኑ ከዋይፋይ ጋር አልገናኝ አለ። ራውተሩ ያለው ፎቅ ላይ ነው፤ ኢንተርኔቱ ወደ ታች የሚመጣው ከዚያ ነው። እትዬ ማዞሪያ ከደረጃው ሥር ቆማ ተጣራች።

«አንቺ! የኔ አልሠራ ብሏል፤ ያንቺስ?»

«የኔ ደህና ነው። እቃው አርጅቶ ይሆናል እታለም። ለማንም አታስነኪው፤ እኔ ሌላ እገዛልሻለሁ።»

አርጅቶ! ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ቢሆንም ለክፉ አልተረጎመችውም። ቴሌቪዥን ጠጋኙ ጋ ደወለች። ይህ ሰውዬ «ቶሎመጣሁ» ነው ቅጽል ስሙ፤ ሰው በጠራው ቁጥር «ቶሎ መጣሁ» ይላል፤ በሦስተኛው ቀን ይመጣል። ቅዳሜ ትንሿ ከደረጃው ላይ ሆና «ወንድሜ ሥራ በዝቶበት የነገው ስብሰባ ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል» አለቻት። እትዬ ማዞሪያም «እሰይ፣ እስከዚያ ይጠገንልኛል» አለች። ምን ብላ ትጠራጠር? በገዛ እጇ ያሳደገቻትን?

ቶሎመጣሁ እንደ ልማዱ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ይቅርታውን አስቀድሞ ደረሰ።

«ኧረ እትዬ፣ ይማሩኝ! በመንገድ ላይ ስንቱ ያዘኝ መሰልዎት!»

«አውቄሃለሁ። ግባ።»

ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው ነቅሎ ትንሽ አቆይቶ መልሶ ሰካው። ያው ነው። የዋይፋዩን ስም አጥፍቶ ፓስዎርዱን እንደ አዲስ ፊደል በፊደል አስገባ። ያው ነው። ቀንና ሰዓቱን አየ፤ ልክ ነው። ጭንቅላቱን ማከክ ሲጀምር እትዬ ማዞሪያ ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። መነጽሯን አደረገች፤ የመስመር ደብተሯንም አወጣች። ይህ ደብተር ከሥራ ቤት ያመጣችው ልማድ ነው፤ ምን ተሞከረ፣ ምን መለሰ፣ በስንት ሰዓት፣ ሁሉንም ትጽፍበታለች።

«እንዲህ በዘፈቀደ አይደለም ብልሽት የሚፈለገው» አለችው። «ከአንዱ ጫፍ ጀምረህ እየፈተሽህ ወደ ሌላው ጫፍ ትሄዳለህ። በል፣ ያንተን ስልክ ከዋይፋዩ ጋር አገናኝ፤ እዚሁ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቁመህ።»

አገናኘ። ወዲያው ያዘ።

«እንግዲያው ዋይፋዩ ደህና ነው፤ እዚህም ይደርሳል። አሁን ደግሞ ቴሌቪዥኑን ካንተ ስልክ ኢንተርኔት ስጠው።»

ሰጠው። ቴሌቪዥኑ ያለ አንዳች ማጉረምረም ያዘ።

«ቴሌቪዥኑም ደህና ነው» አለና ቶሎመጣሁ እጁን ዘረጋ። «ሁለቱም ደህና ናቸው እትዬ፤ ብቻ እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም። ግራ የገባ ነገር!»

«እስቲ ከዋይፋዩ ጋር አንዴ ድገመው፤ ስክሪኑ የሚለውን ቃል በቃል አንብብልኝ።»

አነበበላት። ዋይፋዩ ተገኝቷል። ፓስዎርዱ ትክክል ነው። ከዚያ ወዲያው፣ መገናኘት አይቻልም።

እትዬ ማዞሪያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በሥራ ዘመኗ ሁለት ዓይነት የማይሠራ መስመር ታውቃለች። የተበጠሰ መስመር ዝም ይላል፤ ብትጮህበትም አይሰማም። በትእዛዝ የተዘጋ መስመር ግን ይሰማሻል፣ ይቀበልሻል፣ ከዚያ እምቢ ይላል። ይኸኛው የተበጠሰ አልነበረም።

«መሃል ላይ ሰው አለ» አለች።

ራውተሩ ሲገባ የገጠመውን ባለሙያ በዚሁ ደብተር ላይ ሁሉንም ፓስዎርድ አስጽፋዋለች፤ የዋይፋዩን ብቻ ሳይሆን ወደ ራውተሩ ማስተካከያ የሚያስገባውንም ጭምር። ትንሿ ያን ቀን «አንቺ ደግሞ፣ ይሄ ምን ያደርግልሻል!» ብላ ስቃባታለች። ገጹን ገልጣ ለቶሎመጣሁ ሰጠችው። በስልኩ ገባ። ከራውተሩ ጋር የተገናኙት እቃዎች በዝርዝር መጡ፤ የትንሿ ስልክ፣ የላይ ቤት ቴሌቪዥን፣ የእሱ የራሱ ስልክ። ወረድ ሲል «የታገዱ» ይላል። ከሥሩ አንድ ስም ብቻ አለ፤ «የእታለም ሳሎን»። ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ።

ቶሎመጣሁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄ በራሱ የሚሆን ነገር አይደለም እትዬ። ሰው ነው ያገደው።»

«እጇ ስቶ ይሆናል» አለች። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ከየት እንደመጣ የገባት።

«አይ… ሲያግዱት እኮ ‹እርግጠኛ ነዎት?› ብሎ ይጠይቃል። አዎ ካላሉት አያግድም።»

እትዬ ማዞሪያ ክው አለች። እርግጠኛ ነዎት? ተብላ ትንሿ ተጠይቃለች ማለት ነው። ጉንጯን በሳመች ማግስት፣ የምትናገረውን አንዲት ቃል ሻይ እየጠጣች ሰምታ ከሄደች በኋላ፣ ፎቅ ላይ ቁጭ ብላ ተጠይቃ አዎ ብላለች። ባዳ ቢያደርገው ትሳደብ ነበር፤ ትከስ ነበር፤ በሩ ላይ ሄዳ ትጮህ ነበር። የገዛ እህት ሲሆን ሰው ምን ይላል? ያ ሁሉ «እታለም፣ እታለም» ምን ነበር ታዲያ?

«ላንሳው?» አለ ቶሎመጣሁ።

በጭንቅላቷ አዎ አለችው። እገዳውን አነሳው። ቴሌቪዥኑ ትንሽ አሰበና ያዘ። ወዲያው ደወል ጮኸ፤ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ቁልፍ መጣ። የቤተሰቡ ስብሰባ ተጀምሯል፤ ይግቡ ይላል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ከሩብ ነው። ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል የተባለው ስብሰባ! ልብ ብላ ስታዳምጥ የትንሿ ድምፅ ከኮርኒሱ በላይ ይሰማል።

በሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ወሬ መሃል ገብታ የማታውቅ ሴት ሪሞቱን አንስታ ቁልፉን ተጫነች።

«…ራሷ ናት ያለችው» ትላለች ትንሿ፤ ድምጿ መጀመሪያ ከጣሪያው፣ ከጥቂት በኋላ ከቴሌቪዥኑ ይመጣል። «ደክሞኛል ብላለች። አረጋውያን የሚኖሩበት ጥሩ ቦታ አግኝቼላታለሁ፤ አይታው ወዳዋለች። ዛሬ አሟት ተኝታ ነው እንጂ ራሷ ትነግርህ…»

«እታለም!» አለ ወንድሟ። ፊቱ ግድግዳውን ሞልቶታል። «ተነሳሽ እንዴ? እንዴት ነሽ? አልጋ ላይ ናት ብላኝ ሰግቼ ነበር እኮ! ስለ ቤቱ በመስማማትሽ ግን እንዴት ቀለል እንዳለኝ!»

«ደህና ነኝ ወንድም ዓለም። አልታመምኩም። ያየሁት ቦታም የለም።»

«እንዴ! ታዲያ እስካሁን የት ነበርሽ? ለምን ዘገየሽ?»

«ከሐሙስ ጀምሮ ተዘግቶብኝ ነው።»

«ማነው የዘጋብሽ?»

ቶሎመጣሁ ጫማውን ማየት ጀመረ። በስክሪኑ ግማሽ ላይ ትንሿ አለች፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ጸጉሯን የተቀባች ሴት። ዓይኖቿ ግን እትዬ ማዞሪያ የምታውቃቸው ዓይኖች ናቸው፤ ከጠረጴዛ ሥር ወደ ላይ የሚያዩ፣ አሁን እታለም አንድ ነገር ትላለች፣ አሁን ትሸፍንልኛለች ብለው የሚጠብቁ። የሚጠብቁትም እርግጠኞች ሆነው ነው። ከክህደቱ ሁሉ ይህ ባሰባት። የዘጋችባት በእሷው ደግነት ተማምና ነበር።

«ቴሌቪዥኑ እኮ እታለም…» ብላ ጀመረች ትንሿ፤ «እቃው…»

«እቃው ደህና ነው» አለች እትዬ ማዞሪያ። ወደ ወንድሟ ዞረች። እንባዋ መነጽሯ ሥር ወርዷል፤ ድምጿ ግን ያ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰማነው ጥርት ያለ ድምፅ ነው። «የነቀለችው እሷ ናት። የማዞሪያ ቤቱንም ገመድ የነቀለችው እሷ ናት። ያኔ እኔ ነኝ ብዬ ነበር፤ ዛሬ አልልም። ከቤቴም አልወጣም።»

ወንድሟ እጁን አፉ ላይ ጫነ። የትንሿ ምስል ጠፋ። ከላይ ወንበር ሲጎተት፣ ከዚያም እርምጃ ወደ ደረጃው ሲሄድ ተሰማ። እትዬ ማዞሪያ በሩን አየች። ብትወርድ ምን እንደምትላት አላወቀችም፤ ብቻ እንድትወርድ ፈለገች። እርምጃው ደረጃው ራስ ላይ ቆመ፤ ቆየ፤ ቆየና ተመለሰ።