በጀርባ የተቀመጠ የመንግሥት ንብረት

ወልደጊዮርጊስ በመቀሌ የጨው ገበያ ሠላሳ ዓመት ግመል ሲጭንና ሲያራግፍ ኖረ። ጣልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት አንድ ግመል ከነጭነቱ ወደቀበትና ወገቡ ተሰበረ። የጣልያን ጦር ሐኪምም ጀርባውን ከፍቶ ሁለት የብረት ዘንጎች ከአከርካሪው ጋር በሽቦ አሰረለት። ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ መጎንበስ ግን አልቻለም። እግዚአብሔር ምክንያቱን ያውቃል፤ ሹማምንቱ ግን ትዕቢት ነው ብለው ሁለት ጊዜ አስገረፉት።

ጠላት ወጥቶ ዓመት ሳይሞላ ነጋሪት ተጎሰመ። የጣልያን ንብረት ያለው ሁሉ በሰባት ቀን ያስመዝግብ፤ የሸሸገ ውጉዝ ይሁን ተባለ። ካህናቱም መስቀል አንሥተው አወገዙ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለውና፣ አንደኛው የጣልያን ብርድ ልብስ ከካባው ሥር ደርቦ ነበር። ወልደጊዮርጊስን ግን የጀርባው ብረት አስጨነቀው። ፋሲካ ደርሷል፤ ውጉዝ ሆኖ እንዴት ይቁረብ?

«አምስት ዓመት በሥጋህ ውስጥ የኖረ ብረት ያንተ እንጂ የማን ሊሆን ነው?» አለችው ሚስቱ የሺወርቅ።

«የጣልያን ነዋ። ሰጥቼሃለሁ አላለኝም» ብሎ ወደ መዝገብ ቤቱ ሄደ።

ጸሐፊው ደሳለኝ ከሸዋ የመጣ፣ ደንብ አጥባቂ ወጣት ነበር።

«ምን ሊያስመዘግቡ ነው፣ አቦይ?»

«ሁለት የብረት ዘንግ።»

«የታሉ?»

ወልደጊዮርጊስ ጋቢውን ገልጦ ጀርባውን ሰጠው። ደሳለኝ ጠባሳውን በጣቱ ዳሰሰና እጁን ሰበሰበ።

«ደንቡ ብረቱን ተረክበህ መጋዘን አስገባ ይላል።»

«አስገባዋ፣ ወደይ፣ ልጄ! እኔም አብሬ እገባለሁ፤ ቀለቤን ግን መንግሥት ይቻል።»

ከኋላ በርሜል ተሸክሞ ወረፋ የሚጠብቀው የወሎው ነጋዴ ጀላሉ ትዕግሥቱ አለቀ። «ጻፍለት እንጂ ልጄ! ወይስ ካራ ላቀብልህ?»

ደሳለኝ ሦስት ወረቀት አበላሽቶ በአራተኛው እንዲህ ጻፈ፦ «ሁለት የብረት ዘንግ ከነሽቦው ተመዝግቧል። በተሸካሚው ዘንድ በአደራ ይቀመጥ። ማጠፍ፣ ማጉበጥ፣ ለሌላ ማዋስ ክልክል ነው። በየዓመቱ ቀርቦ ይመርመር።» ማኅተምም አሳረፈበት።

ወልደጊዮርጊስ በፋሲካ ቆረበ። በሳምንቱ አዲስ የተሾሙት ሹም በገበያው ሲያልፉ ሕዝቡ ሁሉ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ እርሱ ብቻ እንደ ምሰሶ ቆመ።

«ጎንበስ በል፣ አንተ ትዕቢተኛ!» ብለው የሹሙ አሽከሮች አለንጋ አነሡ።

ወረቀቱን ከብብቱ አውጥቶ ዘረጋ። ሹሙ አነበቡት፤ ማኅተሙን አተኩረው አዩ፤ ደግመው አነበቡትና አለንጋው እንዲወርድ በእጃቸው አመለከቱ።

«እኔስ በወደድሁ ነበር፣ ጌታዬ» አለ ወልደጊዮርጊስ። «የመንግሥትን ንብረት ላጉብጥ እንዴ?»