ላት የሌለው ስፒከር

የውባየሁን ጊታር አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰማው የራሱ የውባየሁ አገጭ ብቻ ነበር።

ጊታሩ የቀድሞው የቀበሌ ኪነት ቡድን ንብረት ነው። መንግሥት ሲለወጥ ወንበሩም ከበሮውም የመድረኩ መጋረጃም እግር አውጥቶ በየቤቱ ሲገባ፣ ይህን ግን ማንም አልፈለገውም። ሆድ የሌለው ክራር ማን ይወዳል? ደረቅ ጣውላ ነው፤ ያለ ኤሌክትሪክ አይጮህም፤ የመንዟ ከተማ ዘመሮ ደግሞ ያኔ ከጨረቃ ሌላ መብራት አልነበራትም። ሬዲዮ ጠጋኙ ውባየሁ አዝኖለት ተሸክሞት ሄደ። ክሩን ሲመታው የዝንብ ድምፅ አወጣ። አገጩን ጣውላው ላይ ሲያስደግፍ ግን ድምፁ በአጥንቱ አልፎ ጭንቅላቱን ሞላው። ከዚያ ወዲህ ሥራ በፈታ ቁጥር አጎንብሶ ሲጫወት ኖረ፤ አገጩ የሚያርፍበት ቦታ ምእመን እንደሚሳለመው የቤተ ክርስቲያን መቃን ተላገ። ሚስቱ አመተሥላሴ የባሏን ሙያ ሲጠይቋት ሬዲዮ ይጠግናል፣ ሲደክመው ጣውላ ያዳምጣል ትል ነበር።

መብራት በገባ በዓመቱ ውባየሁ አያቱ መርስዔ ኃዘን የተዉለትን ሬዲዮ ፈታ። ሬዲዮው ከአዲስ አበባ በበቅሎ መጥቶ፣ የሚሰካበት ጠፍቶ፣ ዳንቴል ለብሶ ሠላሳ ዓመት የተከበረ ሽማግሌ ነው። በሆዱ ውስጥ እንደ ፍም የሚቀሉ ቫልቭ የሚባሉ ጠርሙሶች አሉት። ውባየሁ ሽቦውን ከዚህ ነቅሎ እዚያ በየደና ከሬዲዮው አንድ ትንሽ የጊታር ማጉያ አወጣ። የቀረው ስፒከር ብቻ ነበር፤ የሬዲዮውን ስፒከር ወረቀት አይጥ ከነጠርዙ በልታዋለች።

ይህን የሰሙት አጎቱ ጋሽ ትዕዛዙ ናቸው። ጋሽ ትዕዛዙ የበግ ነጋዴ ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ላቱን በመዳበስ ብቻ የበጉን ዕድሜ፣ የእናቱን ጤናና የባለቤቱን ጠባይ ይናገራሉ ይባላል። በጥር ልጃቸውን ጽናትን ሊድሩ ነውና፣ የእህታቸው ልጅ ኤሌክትሪክ ሊያናግር መሆኑን ሲሰሙ ደስታቸው ከልክ አለፈ። ለሠርጉ ተነጋግረውት የነበረውን፣ ቀየት ከምትባል ከተማ የሚመጣ አዝማሪ፣ ውባየሁ አለልን ብለው በክብር አሰናበቱት። ውባየሁ ይህን ሲሰማ ለሠርጉ የቀረውን ቀን በጣቱ ቆጠረ። ማጉያው ካልጮኸ ሠርጉ ያለ ዘፈን ሊቀር ነው፤ እሱም ዘመሮ ላይ ቀና ብሎ መሄዱ ያበቃል።

ስፒከር ፍለጋ አጎትና የእህት ልጅ ጓሳ የሚባለውን የሣር ምድር አቋርጠው፣ ገደሉን ወርደው ቆላ አጣዬ ገቡ። በዚያ ጀላሉ የሚባል የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ አለ፤ ሱቁ ውስጥ የሌለ ነገር ገና ያልተሠራ ነው። ጀላሉ ሁለት ስፒከር አወጣላቸው። አንደኛው ከሚኒባስ የወረደ፣ ጥቁር፣ ከኋላው የድፎ ዳቦ የሚያህል ማግኔት የተሸከመ ነው። ሁለተኛው ሬዲዮም ሸክላ ማጫወቻም ከነበረ የድሮ ራዲዮግራም የተነቀለ፣ ሰፊ ግን ስስ፣ ወረቀቱ ትንፋሽ የሚያንቀጠቅጠው፣ ማግኔቱም የቡና ሲኒ የምታህል ናት።

"ወንድሜ፣ ላንተ ይቺ ናት" አለ ጀላሉ የስሷን ወረቀት በጣቱ ገፋ እያደረገ።

ጋሽ ትዕዛዙ ውባየሁን በክርናቸው ጎሰም አደረጉት። በግ ተራ ላይ ሻጭ ያመሰገነው በግ ወይ ሳል አለበት ወይ ሊሞት ነው። ቀጥለውም ሁለቱንም ገልብጠው ከኋላ ዳበሱ። በስሷ ከንፈራቸውን መጠጡ። ጥቁሩን ሲዳብሱ ግን ፊታቸው በራ።

"ላት ማለት ይኼ ነው" አሉ። "ያቺ ክረምቱንም አትወጣ።"

ውባየሁ በሆዱ ጀላሉ ሳይሻል አይቀርም ብሎ ነበር። ግን በበግ ተራ አርባ ዓመት ተሳስተው የማያውቁትን አጎት ማን ይከራከራል? ጀላሉ ሳቁን ውጦ፣ አልጮህም ካላችሁ መልሱልኝ፣ ስሷን አስቀምጥላችኋለሁ አላቸው። ጋሽ ትዕዛዙ ይህንን እንደ ስድብ ቆጠሩት። የገዛውን በግ የሚመልስ ሰው በመንዝ ከበግ ተራ ስሙ ይሰረዛል፤ ልጁ ሲዳር እንኳ "የዚያ የመላሹ ልጅ" ይባላል።

ጥቁሩ ስፒከር ዘመሮ ሲደርስ የተሸከመችው የጋሽ ትዕዛዙ በቅሎ ጎብጣ ነበር። ሠርጉ ሊደርስ ስድስት ቀን ቀርቷል። ውባየሁ ከአሮጌ የሣጥን ክዳን ቤት ሠራለት፣ ገመዱን አገናኘ፣ ቫልቮቹ እስኪቀሉ ጠብቆ ክሩን መታ። ቅል ውስጥ የተዘጋች ንብ ድምፅ ተሰማ። እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ ንቧ ትንሽ ተቆጣች እንጂ ከቅሉ አልወጣችም።

ጋሽ ትዕዛዙ ስፒከሩን ከቆላ መጥቶ ብርድ መትቶት ነው ብለው ምድጃ አጠገብ አስቀመጡት፤ ጋቢም ደረቡለት። እስከ ማግስቱ አልሻለውም። ውባየሁ ጊታሩን አንስቶ አገጩን አስደገፈ።

አመተሥላሴ እስከዚያ ድረስ ሱፍ ትፈትል ነበር። ተነሥታ የጥቁሩን ስፒከር ፊት በጣቷ ገፋችው። የጫማ ሶል ነው፤ ንቅንቅ አይልም። ቀጥላ ማጉያውን አየችው፤ አራት ፍም የታቀፈች ትንሽ ሣጥን።

"ያንተ ማሽን ገና ጥጃ ናት" አለችው። "አንተ ደግሞ የበሬ ቀንበር ጫንክባት። ቀላሉን አምጣላት።"

ውባየሁ ቀና አለ። ጀላሉ የስሷን ወረቀት በጣቱ ሲገፋ እንዴት እሺ እንዳለችው ትዝ አለው። ቀጥሎ ሁለቱም ወደ ጋሽ ትዕዛዙ ዞሩ፤ ዕቃው በእሳቸው ስም የተገዛ ነው፣ ውባየሁ ብቻውን ቢመልሰው እንኳ መላሹ እሳቸው ናቸው። ሽማግሌው ረጅም ጊዜ ማግኔቱን ሲዳብሱ ቆዩ። እውነትም ወፍራም ነበር።

"በቅሎዋን ጫንልኝ" አሉ በመጨረሻ። "ብቻዬን ነው የምሄደው። አንተ ጣትህን አፍታታ።"

የጓሳ ሣር እንዳይጋጥ በአገሩ ሕግ የተዘጋበት ወቅት ነበርና በቅሎዋ ያንን ሁሉ ለምለም እያየች ሳትቀምስ ሁለት ጊዜ አቋረጠችው። የጋሽ ትዕዛዙም ጉዞ ከእሷ የተሻለ አልነበረም፤ መንገድ ላይ ያገኙት የሚያውቁት ሰው ሁሉ የት እንደሚሄዱ ሲጠይቃቸው፣ አርባ ዓመት የተከበረው አንደበታቸው "ልመልስ" አለ። ጀላሉ ግን አልሳቀባቸውም። ስሷን ከመደርደሪያ አውርዶ፣ አባቴ፣ በበግ ቢሆን እኔም እርስዎን ነበር የምሰማ አላቸው። በሠርጉ ዋዜማ ዘመሮ ሲገቡ ስሷ በጋቢያቸው ተጠቅልላ ደረታቸው ላይ ነበረች፤ እሳቸው በነጠላ ይንቀጠቀጣሉ።

በሠርጉ ቀን፣ ፀሐይ ዳሱ አናት ላይ ስትቆም፣ ከጎረቤት መብራት ገመድ ተጎተተ። ውባየሁ ቫልቮቹን አሞቀ። ሙሽሮቹ ተቀምጠዋል፣ ሚዜዎቹ ቆመዋል፣ የቀየቱ አዝማሪም ሳይጠራ መጥቶ፣ ማሲንቆውን ለክፉ ቀን ብብቱ ሥር ይዞ በር ላይ ቆሟል። ውባየሁ እንደ ልማዱ አጎንብሶ፣ አገጩን ጣውላው ላይ አኑሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በአንቺ ሆዬ ቅኝት መታው።

ድምፁ ጥርት ብሎ፣ ወፈር ብሎ፣ ጫፉ ላይ እንደ ጠላ ትንሽ ኮምጠጥ ብሎ ወጣ። የዳሱ ቅጠል ረገፈ። ሦስት ቀበሌ ርቀው የሚግጡ በጎች ለሠርጉ የተጠሩ መስሏቸው መጡ ይባላል፤ ይህን ያሉት ጋሽ ትዕዛዙ ስለሆኑ ቁጥሩ ላይ አንከራከርም። ሙሽራዋ ጽናት ወግ ረስታ ትከሻዋን ነቀነቀች። የቀየቱ አዝማሪ ማሲንቆውን ከብብቱ አውጥቶ ቅኝቱን ከጊታሩ ጋር ማስተካከል ጀመረ።

ይህን ሁሉ ያላወቀው ውባየሁ ብቻ ነው። አገጩ እንደተተከለ፣ ዓይኑ እንደተጨፈነ፣ ለራሱ አጥንት ይጫወታል። አመተሥላሴ በጨፋሪው መሀል ሾልካ መጣችና አገጩን በመዳፏ ከጣውላው ላይ አነሣችው።

"ቀና በል" አለችው። "ሁላችንም እየሰማን ነው።"

ዓይኑን ሲገልጥ ዳሱ በሙሉ ይጨፍራል። ከፊት ለፊቱ ጋሽ ትዕዛዙ አንድ እንግዳ አስቁመው፣ ስሷ ስፒከር ኋላ ጎንበስ ብለው እያሳዩት ነው።

"ስፒከር ሲገዛ ላቱ አይታይም" ይሉታል። "ፊቱ ነው በጣት የሚገፋው፤ እኔ ሁለቱንም ገዝቼ ነው ያወቅሁ።"