ግንበኛውን ያስጠራው የቀሐ ዳር ጉድጓድ

ንጋት፤ ደባርቅ

ከደባርቅ የተነሣነው ገና ሰውና ዛፍ በማይለይበት ሰዓት ነው። የጥር ብርድ እዚህ አገር ጋቢም ካፖርትም አይፈራም። የተሳፈርኩበት የጭነት መኪና ጣሊያን ጥሎት የሄደ አሮጌ ትሬንታ ኳትሮ ነው፤ ገብስና ነጭ ሽንኩርት ተጭኖበታል፤ ከሽንኩርቱ በላይ ደግሞ ሰው። እኔ ጋቢና ለመቀመጥ የሾፌሩ እግር ላይ መውደቅ ነው የቀረኝ። የጋዜጣችን አዘጋጅ «የሊማሊሞን መንገድ አይተህ ጻፍ» ብሎ ልኮኝ ነበር፤ አይቼ መመለሴ ነው። ገደል ሳይ ሰንብቼ አሁን የናፈቀኝ ሜዳ ብቻ ነው።

በበሩ በኩል አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። አያ ፈንቴ እላቸዋለሁ፤ እውነተኛ ስማቸው ሌላ ነው። ግንበኛ ናቸው። እግራቸው ሥር መዶሻ፣ መሮና ቱምቢ የያዘ ከረጢት አለ፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር ይንኳኳል፣ እሳቸውም በእግራቸው ጫን ይሉታል።

«ለሥራ ነው ወደ ጎንደር?» አልኳቸው።

«ሥራ እንኳ አይደለም፤ ጥሪ ነው። ጥሪውም ሸጋ አይደለም።»

እስከ ዳባት ድረስ የነገሩኝን ላሳጥረው። ከጎንደር ዳር፣ ከቀሐ ወንዝ ራስጌ፣ ከገጠር የመጡ ሰዎች የሠፈሩበት አዲስ ሰፈር አለ። ልጃቸው የሺ ባሏ ከሞተ ወዲህ እዚያ ጠላ እየሸጠች ትኖራለች። ጣሊያን የዘረጋው የቆሻሻ ቧንቧ ፒያሳ ላይ ያበቃል፤ ወደ ዳር የሚደርስ የለም። ስለዚህ የሰፈሩ ሽንት ቤትም፣ ቦኖው ዘንድ የሚታጠበው ልብስ እጣቢም ወንዝ ይገባ ነበር። የጥምቀቱ ገንዳ የሚሞላው ደግሞ በዚሁ በቀሐ ውሃ ነው። አምና ሰዉ አፍንጫውን ይዞ ተጠመቀ። ማዘጋጃ ቤቱም ሰፈሩን «ተነሡ» አለው።

ሰፈሩ አልቅሶ ተማጸነና አንድ ውል ተገኘ። ፍሳሹን ራሱ የሚያጣራበት ጉድጓድ እዚያው ያስገነባል። ጉድጓዱ በሰፈርተኛው አያያዝ ተበላሽቶ ቆሻሻው ዳግመኛ ወንዝ ከገባ፣ ሁሉም ከከተራ በፊት ቤቱን አፍርሶ ይሄዳል። የተበላሸው በግንበኛው ጥፋት ከሆነ ግን ሰፈሩ ይቆያል፤ ግንበኛው ያለ ዋጋ እንደገና ይሠራል። ያ ግንበኛ አያ ፈንቴ ናቸው። ትናንት ልጃቸው በሰው ልካ «ጉድጓዱ ገንፍሏል፣ ድረሱልን» አለቻቸው። ከተራ ደግሞ ደጃፍ ላይ ነው።

ረፋድ፤ ዳባት

ዳባት ገበያ ነው። በጎች፣ የማር ቅል፣ የጨው አሞሌ፣ አቧራ። ሻይ ቤቱ ጣሪያው በጥላሸት የጠቆረ፣ አግዳሚው የሚያነክስ ነው። ሻይ ከገብስ ዳቦ ጋር በስሙኒ በላን። አያ ፈንቴ ዳቦውን ቆርሰው በእጃቸው ይዘውት ቀሩ።

ሾፌራችን መሐሪ ጨዋታ አዋቂ ነው። «እኔ የማይገባኝ፣ አያ» አለ፤ «የሽንት ቤት ፍሳሽ ገብቶ እንዴት ነው ንጹሕ ውሃ የሚወጣ? ድግምት ያውቃሉ እንዴ?»

ሽማግሌው ከደባርቅ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ጠረጴዛው ላይ በፈሰሰው ሻይ ጣታቸውን ነክረው ሦስት ክፍል ሣሉ። «ይኸ አንደኛው ነው፤ ከባዱ እዚህ ይዘቅጣል። ሁለተኛው ውስጥ በዓይን የማይታይ ነፍስ ያለው ፍጥረት አለ፤ ቆሻሻውን እሱ ይበላዋል። ሦስተኛው ጠጠር ነው፤ የተረፈውን ያጠልለዋል። ከዚያ ዳር በተከልነው ደንገል ሥር አልፎ ወንዝ ይገባል። ሥዕሉን ያሳየኝ የጤና ሰው ነው። እኔም ለሰፈሩ ሰው ልክ እንዲሁ አድርጌ አስረዳሁ።»

«ያ ፍጥረት ደመወዝ አይጠይቅም?»

«አይጠይቅም።»

«እንግዲያማ አለቃዬ ይህን ሳይሰማ እንሂድ!»

ሻይ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። አያ ፈንቴ ሳቁ ሳያልቅ ወጥተው መኪናው ውስጥ ተቀመጡ። ዳቦውን ደጅ ለቆመች አንዲት ነዳይ ሰጥተውት ነበር።

ቀትር፤ አምባ ጊዮርጊስ

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። መሐሪ እየተሳደበ ከመኪናው ሥር ገባ። እዚህ ፀሐይ አለች፤ ሙቀት ግን የለም። የወገራ ሜዳ ገብሱ ታጭዶ ራቁቱን ቀርቷል፤ እዚህም እዚያም አውድማ ላይ በሬዎች ይዞራሉ። ነፋሱ እብቁን እያነሣ ዓይናችን ውስጥ ይጨምረዋል። ከአንድ ካብ ጥግ ተጠለልን።

አያ ፈንቴ መቀመጥ አቃታቸው። ካቡን እየነካኩ ይሄዱና ይመለሳሉ።

«የሁለተኛውን ክፍል ግንብ ስሠራ ዝናብ ጥሎ ነበር» አሉኝ። «ኖራው በደንብ ሳይደርቅ ውሃ ለቀቅንበት። ተሰንጥቆ ይሆን እያልሁ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«ከሆነስ? ሰፈሩ ይቆያል አይደል?»

«ይቆያል። እኔ ግን ግንበኛ ተብየ አልጠራም። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሠርቻለሁ፣ ድልድይ ሠርቻለሁ፤ እስከ ዛሬ አንድም አልፈረሰብኝ። ጎንደር ላይ ግንብ ተሰነጠቀበት ከተባልሁ ማን ደጁን ይከፍትልኛል?» አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «ካልተሰነጠቀ ደግሞ የሺ ትነቀላለች። ያቺ ልጅ ከዚያች ጎጆ ሌላ ምን አላት? እስቲ ንገረኝ፤ አምላኬን የቱን ልለምነው?»

ተማርኩ፣ ጻፍኩ የምል ሰው ካብ ሥር ቁጭ ብዬ ጫማዬን አየሁ። ጎማው ተለውጦ መሐሪ ጡሩንባውን ሲነፋ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ከሰዓት በኋላ፤ ጎንደር

ቁልቁለቱን ወርደን ጎንደር ስንገባ ከተማው ለበዓል ሽር ጉድ ይላል። ታቦታቱ የሚያልፉበት መንገድ እየተጠረገ ነው፤ ሱቆቹ ባለ ጥለት ነጭ ልብስ ሰቅለዋል። ሆቴሌ ገብቼ ብተኛ ይሻለኝ ነበር። እግሬ ግን ከአያ ፈንቴ ኋላ ሄደ።

ሰፈሩን ከማየታችን በፊት አሸተትነው። ጭቃ ቤቶች ተደጋግፈው ቆመዋል፤ በየደጁ ጣሳ የተደፋበት እንጨት ተተክሏል፣ ጠላ ቤት ነው ማለት ነው። ከሰፈሩ ግርጌ ጉድጓዱ አለ፤ ግንቡ ከመሬት በላይ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ከክዳኑ ሥር ቡናማ አረፋ ያለበት ፍሳሽ እየገነፈለ፣ ደንገሉን አስተኝቶ፣ ወደ ቀሐ ይወርዳል። የሺ ጥቁር ነጠላ ለብሳ መጥታ የአባቷን ጉልበት ሳመች። ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ነበር፤ አያ ፈንቴ «ሽታው ያማችኋል፣ ራቅ በሉ» ብለው መለሷቸው። ሦስታችን ቀረን።

ክዳኑን ገልጠው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ እስከ ትከሻቸው ድረስ ክንዳቸውን ሰደዱ። ግንቡን በጣታቸው ጥግ ለጥግ ዳሰሱት። እኔ ፊቴን ላዞር ስል ፊታቸው ሲበራ አየሁ።

«ደህና ነው!» አሉ። «አንድ ስንጥቅ የለው! ብረት ሆኗል!»

ደስታቸው ብዙም አልቆየ። እንጨት ወስደው ወደ ታች ሲያማስሉ ወፍራም አተላ መሳይ ነገር ተከትሎ ወጣ፤ የጌሾ ቅጠል ተጣብቆበታል። ሽታው የሽንት ቤት ብቻ አልነበረም፤ የኮመጠጠ ጠላ ነው።

«የሺ፣ ምንድን ነው ይኸ?»

«አተላ ነዋ» አለች፣ ቅንጣት ሳትፈራ። «አንቱ አይደሉ እንዴ ነፍስ ያለው ፍጥረት አለበት ያሉን? ነፍስ ያለውን ነገር ቆሻሻ ብቻ እናብላው? ከብት እንኳ የለን፤ አተላው ከሚደፋ ለሱ ይሁን ብየ ለሴቶቹ ሁሉ ነገርኋቸው። ከገና ወዲህ ጠዋት ጠዋት በየተራ እናበላዋለን። ጥምቀት እየደረሰ ነው፣ ይበርታልን ብለን እኮ ነው።»

እኔ ራሴ ገበሬ ያሳደገኝ ስለሆንኩ ገባኝ። በዚህ አገር አተላ ለሚያርሰው በሬና ለምትታለበው ላም ነው። የሚሠራን እንስሳ በገለባ ብቻ መያዝ ነውር ነው። እነዚህ ሴቶች ከብታቸውን ገጠር ጥለው ቢመጡም ደግነቱን ይዘውት መጥተዋል፤ ጉድጓዱን ያነቀውም እሱ ነው።

የሺ የአባቷን ፊት አይታ ደነገጠች። «ምነው አባባ? ገደልነው እንዴ?»

አያ ፈንቴ ሳይመልሱላት የማዘጋጃ ቤቱ ሹም አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ደረሰ፤ ጎረቤቶቹም ከኋላው ተግተልትለው መጡ። አያ ፈንቴ ክዳኑን ገፍተው መለሱት።

«እህ፣ የማን ጥፋት ሆኖ ተገኘ?» አለ ሹሙ፣ ከሩቅ ቆሞ።

«የእኔ ነው ጌታየ። ኖራው ሳይደርቅ ውሃ ለቅቄበት ግንቡ ተሰንጥቋል። ሰፈርተኛው ምንም አላጠፋ።»

የሺ አፏን ስትከፍት ክንዷን ጨበጡት። «ውሃ አምጪልኝ፣ እጄን ልታጠብ» አሏት።

ሹሙ ጊዜ አልፈጀበትም። ሰፈሩ ይቆያል፤ ከጉድጓዱ ወደ ወንዙ የሚወርደው ቦይ እስከ ጥምቀት ማግስት ተዘግቶ ይሰነብታል። «አንተ ደግሞ» አላቸው፣ አባቱ የሚሆኑትን ሰው፣ «አፍርሰህ በራስህ ጉልበት ትሠራለህ። ከዚያ ወዲያ በዚህ ከተማ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ስታስቀምጥ እንዳላይህ።»

ጎረቤቶቹ እልል አሉ። ከእልልታው ቀጥሎ ስድብ መጣ። አንዷ ጠላ ሻጭ «ልጆቻችንን ሜዳ ልታስበትን ነበር፣ አንተ እጀ ሰባራ!» ብላ ምራቋን ተፋች። እኔ ሁሉን አውቄ ቆሜያለሁ። ብናገር የሽማግሌው ስም ይድናል፤ ጎጆዎቹ ይፈርሳሉ። ዝም አልኩ፤ ለጋዜጣው የላክሁትም ስለ ሊማሊሞ ብቻ ነው።

የሺ ውሃውን ይዛ ስትመለስ እንባዋ ቅሉ ውስጥ ይንጠባጠባል። አባቷ እየታጠቡ በሹክሹክታ «ከእንግዲህ አተላውን አርቃችሁ ድፉ፤ ለሴቶቹም ቀስ ብለሽ ንገሪ» አሏት። «የዛሬውን ግን ለማንም።»

«በል እንጂ፣ ስትጀምር ልይ!» አለ ሹሙ።

አያ ፈንቴ ከከረጢታቸው መሮና መዶሻ አወጡ። ከላይኛው ረድፍ አንድ ድንጋይ መርጠው መቱ። ኖራው ፍንክች አላለም። ጋቢያቸውን ጥለው በሌላው ጎን ሞከሩ፤ መሮው እሳት ተፍቶ ተመለሰ። ሹሙ መጠበቁ ሰልችቶት ሲሄድ ገና አንድም ድንጋይ አላወጡም ነበር።